በጋራ አትክልት ቦታ ስለሚሠራ የኮምፖስት ክምርና ስለ ማኅበሩ ደንብ

ለወረዳና ለቀበሌ ሹማምንት፥ ለእርሻ ሠራተኞችም የተጻፈ ትምህርት

ከጉድፍ መጣያ አጠገብ ማንም ሳይዘራው የበቀለ ዱባ፥ በመደብ ከተተከለው ይልቅ ቅጠሉ እንደሚሰፋ፥ ፍሬውም እንደሚበዛ በጓሮ የተመላለሰ ሰው ሁሉ አይቶታል። ምክንያቱም ግልጥ ነው። ከመጣያው አጠገብ ያለችው መሬት ጥራጊውን፥ አመዱን፥ የረገፈውን ቅጠልና እበቱን በየቀኑ ትመገባለች፤ ራቅ ብላ ያለችው ግን በየዓመቱ ትሰጣለች እንጂ አትቀበልም። ኮምፖስት የሚባለው ብስባሽም፥ በመጣያው ዘንድ ያለ ሥርዓት የሚሆነውን ነገር በሥርዓት ማድረግ ማለት ነው።

ይህ ትምህርት አንድ ገበሬ ለብቻው ስለሚያደርገው ክምር አይደለም። ብዙ ቤተ ሰቦች፥ ወይም የሴቶች ማኅበር፥ ወይም ተማሪዎች ከወላጆቻቸው ጋር በአንድ አትክልት ቦታ ስለሚያቆሙት ትንሽ ክምር ነው። የማብሰሉን ጥበብ ማንም አስተዋይ ሰው በአንድ ቀን ይማረዋል። የጋራ ክምር የሚጠፋው ግን ብዙ ጊዜ ከዕውቀት ማነስ የተነሣ አይደለም፤ ውሃ የሚያጠጣው ማን እንደ ሆነ፥ የሚያገላብጠው ማን እንደ ሆነ፥ የበሰለውንም የሚወስደው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ሳይወሰን ስለሚጀመር ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች አስቀድመን የክምሩን አሠራር፥ ቀጥለንም የማኅበሩን ደንብ እንጽፋለን።

1. ስለ ጥቅሙ

የኬሚካል ማዳበሪያ ከውጭ አገር በገንዘብ ተገዝቶ የሚመጣ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ዋጋው በዓለም ገበያ እጅግ ወጥቶ እንደ ነበረ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ኮምፖስት በአንድ ወቅት ይህን ሁሉ ይተካል አንልም። ነገር ግን ማዳበሪያው ለተክሉ ምግብ ሲሰጥ፥ ኮምፖስት ደግሞ ለመሬቱ ለራሱ አካል ይሰጠዋል። ሸክላውን ያላላዋል፤ አሸዋማውን ያያይዘዋል፤ ዝናብም በወጣ ጊዜ ውሃውን በመሬት ውስጥ ያቈያል። በአነስተኛ አትክልት ቦታ ጐመንና ሽንኩርት፥ ቃሪያና ሰላጣ ለሚተክሉ ሰዎች ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

የአሠራሩ ታሪክም ሊታወቅ ይገባል። ሰር አልበርት ሃዋርድ የተባሉ እንግሊዛዊ የእርሻ ሊቅ፥ በአውሮጳ አቈጣጠር ከ1924 እስከ 1931 ድረስ በህንድ አገር በኢንዶር ከተማ ሲሠሩ፥ የአገሩ ገበሬዎች የሚያውቁትን መርምረው ቅጠላ ቅጠልን፥ እበትንና አፈርን በንብርብር አድርጎ የማብሰልን ሥርዓት አዘጋጁ። በስመ ከተማው የኢንዶር ዘዴ ተብሎ በብዙ አገር ታወቀ። በእኛም አገር በአውሮጳ አቈጣጠር በ1996፥ በ2015 ዓ.ም. ያረፉት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ወይዘሮ ሱ ኤድዋርድስ ከክልሉ የእርሻ ቢሮና ከገበሬዎቹ ጋር ሆነው በትግራይ ሥራውን ጀመሩ። ኮምፖስት የተጨመረበት እርሻ ምንም ካልተጨመረበት እጅግ የበለጠ ምርት ሰጥቶ ተገኘ። ከዚህ ሥራ የምንማረው ሌላም ነገር አለ፤ ገበሬዎቹ ስለ ግጦሹና ስለ መሬቱ አያያዝ የራሳቸውን የመንደር ደንብ አውጥተው ነበርና፥ ዘዴውና ደንቡ አብረው ይሄዱ ነበር።

በዚህ ቦታ ስለ እበት አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። በብዙ የደጋ አገር እንጨት ስላነሰ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል። እናቶችን ኩበት አታንድዱ ብሎ ማዘዝ፥ እንጨት ሳይሰጡ፥ እራት አትሥሩ እንደ ማለት ነው። ደግነቱ ትንሽ ክምር ብዙ እበት አይፈልግም። ከታች በምንገልጸው አሠራር እበቱ ከክምሩ ከ10 እጅ 1 እጅ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ኩበቱን ሳትነኩ ሥራውን ማስጀመር ትችላላችሁ፤ በአትክልቱ ቦታ ዳርቻ የማገዶ ዛፍ ማስተከልም ከዚሁ ሥራ ጋር የሚገባ ነው።

2. ክምሩ እንዴት እንደሚበስል

በክምር ውስጥ ሥራውን የሚሠሩ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ነፍሳት ናቸው። እነርሱም እንደ ማናቸውም ፍጥረት ምግብ፥ ውሃና አየር ይሻሉ። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ሥራው ይቆማል፤ ሦስቱም ቢሟሉ ክምሩ በ3 ወይም በ4 ቀን ውስጥ ይግላል።

ምግባቸው ሁለት ዓይነት ነው። ደረቁ ጭድ፥ ገለባ፥ የበቆሎና የማሽላ አገዳ፥ የረገፈ ቅጠልም ካርቦን ይሰጣል። እርጥቡ አረም፥ ሣር፥ የአትክልት ልጣጭ፥ እበትና የጠላ አተላም ናይትሮጅን ይሰጣል። ሊቃውንት ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ከ1 እጅ ናይትሮጅን ጋር ቢገናኝ መልካም ነው ይላሉ። ለሠራተኛው ግን ይህን በቅርጫት መተርጐም ይበቃዋል፤ አንድ ቅርጫት ደረቅ ለአንድ ቅርጫት እርጥብ፥ በላዩም ስስ እበት።

የክምሩ ልብ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲግል ብዙውን የአረም ዘርና የበሽታ ምንጭ ያጠፋል። ነገር ግን ዳር ዳሩ ይህን ያህል አይግልም፤ ስለዚህ ማገላበጥ የግድ ነው። ደግሞም እጅግ ያነሰ ክምር ሙቀቱን መያዝ አይችልም፤ ከ1 ሜትር በ1 ሜትር በ1 ሜትር ማነስ የለበትም።

3. ስለ ቦታውና ስለሚገባበት ነገር

ቦታው ከዛፍ ወይም ከዳስ ጥላ በታች፥ ጐርፍ የማይተኛበት፥ ለውሃ የቀረበ ይሁን። ከምንጭና ከጕድጓድ ውሃ ግን ይራቅ። ውሃው ሩቅ ከሆነ የመቅዳቱ ሸክም በሴቶችና በልጆች ላይ ብቻ ይወድቃልና ይህን አስቀድማችሁ ተመልከቱ። በክረምትና በእርጥብ አገር ከመሬት በላይ መከመር ይሻላል። በበጋና በደረቅ አገር ግን እርጥበቱ እንዳይጠፋ ግማሽ ሜትር ያህል ጕድጓድ ቈፍሮ በዚያ ውስጥ መጀመር ይገባል። ለመጀመር የሚሻለው ወራት መስከረምና ጥቅምት ነው፤ አረሙ ገና ለምለም፥ መሬቱም ገና እርጥብ ነውና። በዚያ ጊዜ ጭድ ስለማይበዛ ካለፈው ዓመት የተረፈውን ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

የግራዋ፥ የሰንሰልና የብሳና ቅጠል ፈጥኖ ይበሰብሳልና ሳይጨመር አይቅር። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ለመበስበስ ይዘገያል፤ ከጥቂት በቀር አይግባ። አመድም በእፍኝ ተነስንሶ እንጂ በቍና አይጨመር፤ ቢበዛ ናይትሮጅኑን በትነት ያባክነዋል። ሥጋ፥ አጥንት፥ ቅባት፥ የውሻና የድመት ኵስ፥ የሰውም ዓይነ ምድር ፈጽሞ አይግባ። ፌስታል፥ ጠርሙስና ባትሪ እየተለቀሙ ይጣሉ። በበሽታ የደረቀ የቲማቲምና የድንች ግንድም ከክምሩ ይራቅ። ቅንጬ አረም የሚባለው ከማበቡ በፊት ብቻ ይገባል፤ ሲነቅሉትም ቆዳን ያሳክካልና እጅን መሸፈን ይገባል። በጣና ዳርቻ ያላችሁም እምቦጭ ለዚህ ሥራ ቢውል፥ አበባ የያዘውን ከመቀላቀልና ወደ ሌላ ውሃ አጠገብ ከመውሰድ ተጠንቀቁ።

4. ስለ አከማመሩ

ርዝመቱ 2 ሜትር፥ ወርዱ 1 ሜትር ተኩል የሆነ ቦታ ይለካ። ዕቃው ሁሉ አስቀድሞ ተሰብስቦ ክምሩ በአንድ ቀን ቢቆም ይሻላል፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚጣልበት ክምር አይግልምና። ይህም ለደቦ የሚመች ሥራ ነው። አደራረጉ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ መሬቱን በዶማ ጥቂት ማላላትና ማርጠብ። በላዩ ወፍራም አገዳና ጭራሮ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ማንጠፍ፤ ይህ ከታች አየር እንዲገባ ነው። ቀጥሎ 15 ሴንቲ ሜትር ደረቅ ጭድና ቅጠል አልብሶ ውሃ ማርከፍከፍ። በዚያ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር እርጥብ አረምና ሣር። በዚያ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር በውሃ የቀጠነ እበት፥ ወይም የፍየልና የዶሮ ኵስ። በመጨረሻም 2 ሴንቲ ሜትር ለም አፈር፥ በላዩም እፍኝ አመድ። ይህ አንድ ዙር ነው። 3 ዙር ሲሆን ክምሩ 1 ሜትር ከ25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል።

ንብርብሩ ሲሠራ በመካከሉ ሁለት ወፍራም እንጨቶች ይቁሙ። ሥራው ሲፈጸም እንጨቶቹ ተነቅለው ቀዳዳቸው የአየር መተንፈሻ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ክምሩን በደረቅ ሣር ወይም በእንሰትና በሙዝ ቅጠል ማልበስ ነው። ይህ ክዳን ፀሐይንና ከባድ ዝናብን ይከለክላል። በላዩ ላይ መቆምና መርገጥ አይገባም፤ አየሩ ይታፈናልና።

5. ስለ ጥበቃው

ከጐን በኩል አንድ ረጅም ቀጭን እንጨት እስከ መካከሉ ድረስ ይሰካና ይተው። በየሳምንቱ ይህን እንጨት ስቦ መዳሰስ ክምሩን እንደ መጠየቅ ነው። እንጨቱ ሙቅና ርጥብ ከሆነ ሥራው ደኅና ነው። ሙቅና ደረቅ ከሆነ ውሃ ይጨመር። ቀዝቃዛና ርጥብ ከሆነ አየር አጥቷልና ይገላበጥ። እርጥበቱን በእጅ ለመለካትም ከውስጡ እፍኝ ወስዶ መጭመቅ ነው፤ ታጥቦ እንደ ተጠመዘዘ ጨርቅ ርሶ ሳያንጠባጥብ ሲቀር ልኩ ያ ነው።

ሽታም ይናገራል። እንደ ከብት ሽንት የሚሰነፍጥ ከሆነ እርጥቡ ወይም እበቱ በዝቷልና ጭድ ይጨመር። እንደ ገማ እንቍላል የሚሸት ከሆነ ውሃው በዝቶ አየሩ ጠፍቷልና ይገላበጥ። ጉንዳን ቢፈላበት ደርቋል ማለት ነው። አይጥ ቢመላለስበት የምግብ ትራፊ ሳይሸፈን ተጥሎበታል ማለት ነው።

መጀመሪያ የሚገላበጠው ሙቀቱ በበረደ ጊዜ፥ ይኸውም ከ2 ወይም ከ3 ሳምንት በኋላ ነው። በመንሽና በአካፋ የዳሩን ወደ መካከል፥ የመካከሉን ወደ ዳር ማዛወር ነው። ከ1 ወር ያህል በኋላ ደግሞ ይደገማል። በሞቃት አገር በ3 ወይም በ4 ወር ይበስላል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርዳማ ደጋ እስከ 5 ወይም 6 ወር ይቆያል። የሚሠሩት ሰዎች አፍንጫና አፋቸውን በጨርቅ ቢሸፍኑ፥ ሲፈጽሙም እጃቸውን በሳሙና ቢታጠቡ ለጤናቸው ይበጃል።

መብሰሉ የሚታወቀው መልኩ ጠቁሮ፥ የጭዱና የቅጠሉ መልክ ጠፍቶ፥ ከዝናብ በኋላ እንደ ጫካ አፈር ሲሸት ነው። ለማረጋገጥ በአንድ ጣሳ ኮምፖስት፥ በሌላ ጣሳ ተራ አፈር አድርጎ በሁለቱም ፌጦ መዝራት ነው። ፌጦ በጥቂት ቀን ይበቅላልና፥ በኮምፖስቱ ያለው እንደ ሌላው ለምልሞ ከበቀለ ብስባሹ በስሏል። ሳይበቅል ወይም ቢጫ ሆኖ ከቀረ ገና ጥሬ ነውና ይቆይ።

6. ስለ ማኅበሩ ደንብ

ከላይ የጻፍነው ሁሉ ቢታወቅ፥ የሥራው ተራና የፍሬው ክፍል ካልተወሰነ ክምሩ የማንም አይሆንም። የሁሉ የሆነ ነገር የማንም እንዳይሆን የሚጠብቀው ደንብ ነው። ስለዚህ አንድ እፍኝ ጭድ ከመሰብሰቡ በፊት አባላቱ ተቀምጠው ከዚህ የሚከተለውን ይወስኑ።

አንደኛ፤ የውሃውና የእንጨቱ መዳሰስ ተራ በሳምንት ይሁን። ለምሳሌ 20 ቤተ ሰብ ቢሆኑ፥ ክምሩ በ20 ሳምንት ቢበስል እያንዳንዱ ቤት ከአንድ ሳምንት የበለጠ ተራ አይደርሰውም። ሸክሙ ይህን ያህል ቀላል መሆኑ በግልጥ ሲነገር ሰው አይሸሽም።

ሁለተኛ፤ የማቆሙና የማገላበጡ ቀን በደቦ ይሁን፤ ቀኑም ገበያና በዓል በማይሆንበት አስቀድሞ ይቈረጥ።

ሦስተኛ፤ ማንም የቤቱን ጥራጊ ባሻው ሰዓት በክምሩ ላይ አይድፋ። ከጐኑ አንድ መሰብሰቢያ ስፍራ ይበጅና በዚያ ይጠራቀም፤ እርሱም ለሚቀጥለው ክምር ይሆናል።

አራተኛ፤ ንባብና ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው ወይም ተማሪ ተመርጦ፥ ተራውን የፈጸመውንና ያልፈጸመውን በደብተር ይጻፍ። የታመመ ወይም የወለደች ሴት ተራ በሌላ ይተካ፤ ይህም እንደ ጕድለት አይቈጠር።

አምስተኛ፤ የበሰለው ብስባሽ የሚከፈለው በሥራ ቀን ልክ ይሁን እንጂ ከቤት ባመጡት እበት ልክ አይሁን። ይህ አንቀጽ ከሁሉ ይበልጣል። ክፍያው በእበት ልክ ቢሆን፥ ብዙ ከብት ያለው ሰው አንድ ቀን ሳያገላብጥ ብዙውን ይወስዳል፤ ከብት የሌላት መበለት ግን ውሃ ስትቀዳ ከርማ ባዶ ቅርጫቷን ይዛ ትመለሳለች። በሚቀጥለው ዓመት እርስዋም አትመጣም፥ እንደ እርስዋ ያሉትም አይመጡም፤ ክምሩንም የሚጠብቀው አይገኝም። ባለ ከብቱም እንዳይበደል፥ እበቱን ተሸክሞ ማምጣቱ እንደ አንድ የሥራ ቀን ይቈጠርለት።

ስድስተኛ፤ ጠብ ቢነሣ አባላቱ የመረጧቸው ሦስት ሽማግሌዎች ይመልከቱት። ወደ ቀበሌ ሹም የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ይሁን።

7. ስለ አጠቃቀሙ

ከላይ በተጻፈው ልክ የተከመረው 3 ሜትር ኩብ ከሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሲበስል ወደ ግማሹ ይቀንሳል። ይህ በመደብ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ቢነጠፍ 90 ካሬ ሜትር ያህል ያለብሳል፤ 20 ቤተ ሰብ እኩል ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ 4 ካሬ ሜትር ተኩል ይደርሰዋል። ይህ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ መደብ 20 ያህል የጐመን ችግኝ ይተከላል፤ ለአንድ ቤት ወጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛው ክምር በቶሎ ቢከተል ደግሞ እጥፍ ይሆናል።

ብስባሹ ተከላ ከመደረጉ በፊት ከላይኛው አፈር ጋር በዶማ ይደባለቅ። በፀሐይ ተሰጥቶ አይቆይ፤ ኀይሉ ይቀንሳል። ወዲያው የማይፈለግ ከሆነ በጥላ ሥር ተሸፍኖ እስከ ሰኔ ድረስ ይቀመጥ። ያልበሰለ እበት ግን ሰላጣንና ካሮትን በመሰለ ጥሬውን በሚበላ አትክልት ላይ አይጣል፤ በሽታ ያመጣልና።

8. የሹማምንት ድርሻ

በየቀበሌው ይህን ያህል ክምር ተሠራ ተብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ነገር ግን ለቍጥር የቆመ ክምር ከጐብኚው ቀን በኋላ ደርቆ ይቀራል፤ ሕዝቡም ኮምፖስት ማለት የሹም ትእዛዝ እንጂ የራሱ ሀብት አይመስለውም። እንዲህ ያለው ክምር በወረቀት ላይ ይታያል፥ በጐመኑ ላይ ግን አይታይም። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት በአንድ ቀበሌ አንድ ክምር እስከ ፍጻሜው ቢደርስ፥ ተጀምረው ከቀሩ አሥር ክምሮች ይሻላል፤ ጐረቤት የሚማረው ከጐረቤት መደብ ነውና።

ልትጐበኙ በሄዳችሁ ጊዜ የክምሩን ቍመት ከመለካት ይልቅ ሦስት ነገር ጠይቁ። የተሰካውን እንጨት ሳቡና ሙቅ መሆኑን በእጃችሁ ዳስሱ። የዚህ ሳምንት ተራ የማን እንደ ሆነ ጠይቁ፤ በአጠገቡ ያለ ሰው ወዲያው ስም የሚጠራ ከሆነ ደንቡ ሕያው ነው። ያለፈው ብስባሽ ለማን ለማን እንደ ተከፈለ ደብተሩን አስመጡና ተመልከቱ፤ ከሠሩት መካከል ስሙ የታጣ ሰው ካለ ስለምን እንደ ሆነ በትሕትና ጠይቁ። ለነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በጎ መልስ የተገኘበት አትክልት ቦታ ያለ ሹም ትእዛዝም ሥራውን ይቀጥላል፤ ያልተገኘበት ግን አዲስ ጭድ ከመሰብሰቡ በፊት አባላቱ እንደ ገና ለደንባቸው ይቀመጡ።